ተያዥ ይፈለጋል

አማርኛ አንዳንዴ ከተናጋሪዎቹ አርቆ ያስባል። ለልመና እጁን የሚዘረጋውን ሰው «የኔ ቢጤ» ይለዋል። አፋችን ስለለመደው ትርጉሙ ደነዘዘብን እንጂ «እኔን የሚመስል፣ እኩያዬ» ማለት እኮ ነው! ደጅ የሚያድረውን ደግሞ «ጎዳና ተዳዳሪ» ብሎታል። ልብ አድርጉ፤ ተዳዳሪ ነው ያለው። ኑሮውን ጎዳና ላይ የሚገፋ፣ እዚያው የሚተዳደር። በቃሉ ከሄድን ይህ ሰው ራሱን ከቻለ ቆይቷል።

ነገሩ ቀልድ ይመስላል፤ ግን አይደለም። እስቲ አስቡት። ማታ ማታ የሆቴል ትራፊ (ቡሌ የሚባለውን ማለታችን ነው) ፍለጋ ተሰልፎ፣ ሌላው ሳይቀድመው ደረቅ በረንዳ ላይ ካርቶኑን አንጥፎ፣ እንዳይሰረቅ ጫማውን ተንተርሶ፣ የሐምሌን ዝናብ በአንድ ላስቲክ አሳልፎ፣ ጠዋት ዘበኛ ሳያባርረው ተነሥቶ የሚሄድ ሰው ራሱን ካልቻለ ማን ቻለ? መብራት ለአንድ ቀን ሲጠፋ ከተማው የፈረሰ የሚመስለን እኛ፣ በእሱ ቦታ አንድ ሳምንት እንቆያለን? እንጃ!

ጥያቄያችን የሚነሣው ከዚህ ነው። መጠለያዎች ዓላማቸውን ሲጽፉ «ወገኖቻችን ራሳቸውን እንዲችሉ ማድረግ» ይላሉ። ራሱን ሲችል ለኖረ ሰው እንግዲህ ምን ሊጨመርለት ነው? እኛ አራት ጓደኛሞች አንድ ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ አንዲት መጠለያ ስንመላለስ ቀስ እያለ የገባንን መልስ ዛሬ ልናጫውታችሁ ነው።

የድሃ አድራሻ

መንግሥት «ማኅበራዊ ጉዳይ» የሚባል መሥሪያ ቤት ከማቋቋሙ ከብዙ ዘመን በፊት የድሃ አድራሻው የእምነት ቤት በር ነበር። ነዳያን በደጀ ሰላም፣ ሚስኪኖች በመስጊድ በር። ዝክር ሲዘከር፣ ተዝካር ሲወጣ፣ ሰደቃ ሲሰጥ፣ በረመዳን ማፍጠሪያ ሲቀርብ፣ የተራበ ሰው ማን መሆኑን ሳይጠየቅ ይበላል። ዛሬ ሊቅ እያልን የምናከብራቸው አባቶችም ቢሆኑ ብዙዎቹ በልጅነታቸው አኩፋዳ አንግተው፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ፣ ከውሻ ጋር እየተጋፉ የተማሩ ናቸው። በዚህ አገር መለመን የሚያሳፍር ነገር ሆኖ የማያውቅበት በር ቢኖር የእምነት ቤት በር ነው።

በከተማ ደግሞ መልኩ እየተለወጠ መጣ። የማዘር ትሬዛ እኅቶች እ.ኤ.አ. በ1973 ዓፄ ኃይለ ሥላሴ ፈቅደውላቸው አዲስ አበባ ገቡ። ዘውዱ ወረደ፤ ደርግ መጥቶ ሄደ፤ ስድስት ኪሎ ያለው የእኅቶቹ ቤት ግን እዚያው ነው። ሰው የተጸየፈውን ቁስል ያጥባሉ፤ ሊሞት የተቃረበውን በአልጋ ላይ ይሸኛሉ። ሆፕ ኢንተርፕራይዝስ ደግሞ የምግብ ኩፖን እያተመ ይሸጥ እንደነበር የ1990ዎቹ አዲስ አበቤ ያስታውሳል። ሳንቲም መስጠት ያልፈለገ ሰው ኩፖን ገዝቶ ለየኔ ቢጤው ይሰጣል፤ የተሰጠውም ሄዶ ትኩስ ምግብ ይበላበታል።

ከዚያ በኋላ በ2002 ዓ.ም. ቢኒያም በለጠ የጀመረው መቄዶንያ መጣ። ስሙ የተወሰደው ከሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 16 ነው። በዚያ ምዕራፍ ጳውሎስ በራእይ አንድ የመቄዶንያ ሰው ቆሞ «ተሻግረህ እርዳን» ሲለው ያያል። በጥቂት ሰዎች የተጀመረው ቤት ዛሬ በሺዎች የሚቆጠሩ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን ያስጠልላል። መፈክሩን የማያውቅ የለም፤ «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» ይላል። ይህን አባባል ከታክሲ መስታወት ላይ ሳናነብ የዋልንበት ቀን ትንሽ ነው።

እነዚህ ቤቶች የሚሠሩትን ሥራ አማርኛ «ከወደቁበት ማንሳት» ይለዋል። ከባዱ ሥራ ይህ ነው፤ ማንም አያጣጥለውም። ደግሞም ብዙው ሽማግሌና በሽተኛ ከዚያ ቤት የትም እንዲሄድ አይጠበቅም፤ ጦሪ አግኝቶ በክብር መኖሩ ራሱ ግብ ነው። የእኛ ወሬ ግን ስለሌላው ነው። ከወደቀበት ተነሥቶ፣ ታጥቦ፣ ታክሞ፣ ድኖ፣ ጉልበትም ሙያም እያለው የመጠለያው በር ላይ ቆሞ ወደ ውጭ ስለሚያየው ሰው ነው።

ኪስ የሌለው ሱሪ

የምንመላለስባት ቤት ትንሽ ናት። አንዲት እማሆይ ከጥቂት የሰንበት ተማሪዎች ጋር ሆነው ያስተዳድሯታል። ሠላሳ ያህል ሰው ያድርባታል። (ስሟን ያልጠራነው እማሆይ «ስማችንን እግዜር ካወቀው ይበቃል» ስላሉን ነው።) ሰው ሲገባ መጀመሪያ ይታጠባል፤ ጸጉሩን ይቆረጣል፤ ልብስ ይቀይራል፤ ጤና ጣቢያ ይወሰዳል። የጠዋት ጸሎት አለ፤ የፈለገ ይቆማል፣ ያልፈለገ ይተኛል። ከነዋሪዎቹ ሁለቱ ሙስሊሞች ናቸው፤ የሚሰግዱበትን ምንጣፍ ከመርካቶ ገዝተው ያመጡላቸው እማሆይ ራሳቸው ናቸው።

ጋሽ ሰፊውን ያወቅናቸው እዚያ ነው። (ስማቸው አይደለም፤ ሙያቸው ነው።) ከወሎ የመጡ ልብስ ሰፊ ናቸው። ባለቤታቸው ታመሙ፤ ለሕክምና ብለው ሲንጀራቸውን ሸጡ፤ ባለቤታቸውም ሞቱ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሲናገሩ «ትንሽ ጨለም አለብኝ» ይላሉ እንጂ ሌላ አይጨምሩም። ያ «ትንሽ» ዘጠኝ ዓመት የበረንዳ አዳሪነት ነው።

በቤቷ ጓዳ ሰው ለግሷት ዝጎ የተቀመጠ የእግር መኪና ነበር። ጋሽ ሰፊው ሲሻላቸው መኪናውን ፈትተው፣ በናፍጣ አጥበው፣ ዘይት አጠጥተው አስነሡት። ሰው ሁሉ አንሶላ ይጠግናሉ ብሎ ሲጠብቅ እሳቸው በእርዳታ የመጡትን ሱሪዎች ሰብስበው የተቀደደ ኪስ መስፋት ጀመሩ። ለምን ከኪስ እንደጀመሩ ስንጠይቃቸው «ልጆቼ፣ እዚህ የተኛው ሰው ሁሉ ኪሱ ቀዳዳ ነው። መቼ ወጥቶ ምን ሊይዝበት ነው?» አሉን።

የእጃቸው ሥራ ወሬ ወጣ። አንድ የደንብ ልብስ የሚሰፋ ድርጅት ሞክሯቸው ወደዳቸው። ደመወዝ ተነገራቸው። ሰኞ ይጀምራሉ ተባለ። እኛም እልል አልን። ከዚያ የድርጅቱ ጸሐፊ ሦስት ነገር ይዘው እንዲመጡ ነገረቻቸው፤ መታወቂያ፣ ተያዥና የሚኖሩበት አድራሻ።

ሦስቱ በሮች

መታወቂያውን እንይ። የነዋሪነት መታወቂያ ለማውጣት ከቀድሞው ቀበሌ መሸኛ ይፈለጋል። መሸኛውን ለማምጣት ወሎ መሄድ ይፈለጋል። መንገድ ላይ ፍተሻ አለ፤ ለፍተሻው መታወቂያ ይፈለጋል። ክቡ ተዘጋ! ደግነቱ የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሰነድ የሌለው ሰው በምስክር የሚመዘገብበትን መንገድ ከፍቷል። እማሆይ መስክረውላቸው ጋሽ ሰፊው ፋይዳ አወጡ። ባንኮችም አዲስ ሒሳብ ለመክፈት ፋይዳ መጠየቅ ስለጀመሩ በዚያው የባንክ ደብተር አገኙ። አንዱ በር ተከፈተ። ልብ በሉ፤ በሩን የከፈተው ወረቀት ሳይሆን «አውቀዋለሁ» ያለ አንድ ሰው ነው።

ሁለተኛው በር ተያዥ ነው። ከአገሩ ወጥቶ ዘጠኝ ዓመት በረንዳ ያደረ ሰው ተያዥ ከየት ያመጣል? የሚያውቁት ሰዎች ራሳቸው ተያዥ የሌላቸው ናቸው። እማሆይ ደመወዝ የላቸውም። ስለዚህ ነገሩ ወደ እኛ ዞረ።

እዚህ ላይ እውነቱን እናውራ። ከአራታችን ሦስታችን «የራሳችንን ሥራ» የምንሠራ ነን፤ ደመወዛችንን የሚመሰክር ደብዳቤ የሚጽፍልን መሥሪያ ቤት የለንም። የቀረችው አንዲት ጓደኛችን የመንግሥት ሠራተኛ ናት። መሥሪያ ቤቷ የዋስትና ደብዳቤ የሚጽፈው ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ለጋሽ ሰፊው ከጻፈች ነገ ለወንድሟ መጻፍ አትችልም። ቤት ሄዳ ስታማክር እናቷ እንዲህ አሏት፤ «ልጄ፣ ብር ስጪ፤ ልብስ ስጪ፤ ስምሽን ግን አትስጪ።»

ይቺ አባባል አንድ ሳምንት ሙሉ አከራከረችን። አንዳችን «እናትሽ ልክ ናቸው፤ ሰውየው ቢታመሙስ? ዕቃ ቢጠፋስ?» አለ። ሌላው «ታዲያ ሰው መሆን በቂ ነው የሚለውን ለምን በየፌስቡካችን እንለጥፋለን?» ብሎ ጮኸ። ሕግ የተማረው ጓደኛችን መጽሐፉን ገልጦ መጣ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ዋስትና ከቁጥር 1920 ጀምሮ ይደነግጋል። ባለዕዳው ግዴታውን ካልተወጣ ዋሱ ይጠየቃል፤ ይህ እርግጥ ነው። ነገር ግን ቁጥር 1922 ላይ እንደተጻፈው ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን በውሉ ካልተገለጸ ዋስትናው አይጸናም። ማለትም ዋስትና ጥልቀቱ የማይታወቅ ጉድጓድ አይደለም፤ ወለል አለው። ወለሉን አይቶ መግባት ይቻላል።

ጓደኛችን ቁጥሩን አየች። ሦስታችን ደግሞ ነገሩ ቢበላሽ ዕዳውን ለአራት እንደምንካፈል በወረቀት ፈረምንላት። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው ለእንዲህ ያለው ቀን ነው። እናቷን ለማሳመን ግን ሕጉ አልበቃም። ቅዳሜ ይዘናቸው ሄድን። ጋሽ ሰፊው የነጠላቸው ጥለት መተርተሩን አይተው፣ ሳያስፈቅዱ ተቀብለው ሰፍተው መለሱላቸው። እማማ ነጠላውን አገላብጠው አዩና «ስፌቱ አይታይም» አሉ። ሌላ ነገር አልተናገሩም። ሰኞ ደብዳቤው ተጻፈ።

ሦስተኛው በር ቤት ነው። በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት፤ ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም፤ አከራዩም ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ ክፍያ መጠየቅ አይችልም። ለጋሽ ሰፊው ሁለት ወሩ ብቻውን ተራራ ነበር። እማሆይ ግን ቀድመው አስበውበታል። ቤቷ ውስጥ ሥራ የጀመረ ሰው በየወሩ ከደመወዙ የተወሰነ በስሙ ያስቀምጣል፤ የኪራዩ ሲሞላ ይወጣል። የመጨረሻውን ችግር የፈጠረው ግን የትኛውም አዋጅ የማያስቀረው ጥያቄ ነው፤ አከራዮቹ «ከዚህ በፊት የት ነበር የሚኖሩት?» ይሏቸው ነበር።

የማያስል ክፍል

ጉዳዩ በደስታ ብቻ እንዳልተቋጨ መናገር አለብን። ከጋሽ ሰፊው በፊት ከቤቷ የወጣ አንድ ወጣት ነበር። መኪና ማጠቢያ ሥራ አግኝቶ፣ ተያዥም ሳይጠየቅ፣ የጭቃ ቤት ተከራይቶ ነበር። በሁለተኛው ወር ክፍሉን ዘግቶ ወደ በረንዳው ተመለሰ። አልሰከረም፤ አልሰረቀም፤ ከሥራም አልተባረረም። አንዳችን መንገድ ላይ አግኝቶ ምን ሆነህ ነው ሲለው «ማታ ማንም ሲያስል አይሰማም» አለው።

ይህ መልስ ሲገባን ጊዜ ወሰደ። በረንዳው ላይ ስድስት ሆነው አንድ ላስቲክ ይለብሱ ነበር። አንዱ ሲያስል ሌላው ይነቃል፤ አንዱ ቡሌ ሲያገኝ ለስድስት ይደርሳል። መጠለያውም ውስጥ ሠላሳ ሰው ይተነፍሳል። ከዚያ በኋላ «ራስህን ቻል» ተብሎ አራት ግድግዳ መካከል ለብቻው ተቀመጠ። ያው ራስን መቻል ማለት ብቻን መሆን ነው የተባለ ይመስላል።

እማሆይ ከዚህ በኋላ ሁለት ነገር ቀየሩ። አንደኛ፣ ሰው ለብቻው አይወጣም፤ ሁለት ሁለት ሆነው አንድ ክፍል ይከራያሉ። ሁለተኛ፣ የወጣ ሁሉ ቅዳሜ ምሳውን እዚያች ቤት ይበላል፤ ያልመጣ ካለ ሰው ይላክበታል። ጋሽ ሰፊው የወጡት ከአንድ ጫማ ሰፊ ጋር ነው። ሁለቱ እየተነጫነጩ ይኖራሉ። (አንዱ ሬዲዮ ጮክ አድርጎ መስማት ይወዳል፤ ሌላው አይወድም።) ወጣቱንም እማሆይ እስካሁን አልተዉትም። በየሳምንቱ አንድ ሰው በረንዳው ድረስ ሄዶ «ቅዳሜ ሽሮ አለ» ብሎት ይመለሳል። ሁለት ጊዜ መጥቷል።

የእኛስ ተያዥ ማን ነበር?

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ራሱን ችሎ ለኖረ ሰው ምን ይጨመርለታል?

እስቲ «ራሳችንን ችለናል» የምንለውን እኛን ፈትሹ። ከመካከላችን የመጀመሪያዋ ተቀጣሪ ሥራ ስትጀምር ተያዥ የሆነላት አጎቷ ነው። ሁለተኛው የተከራየውን ክፍል ያገኘው የአክስቱ ልጅ «የእኛው ልጅ ነው» ስላለለት ነው። ሦስተኛው ታሞ በተኛ ጊዜ ያስታመሙት የዕቁብ ጓደኞቹ ናቸው። አራተኛው አባቱ ሲሞት ድንኳኑን የተከለው፣ ንፍሮውን የቀቀለው ዕድሩ ነው። አንዳችንም ራሳችንን ለብቻችን ችለን አናውቅም! «ራሱን የቻለ» የምንለው ሰው የተሸከሙት ሰዎች ብዙ ስለሆኑ ሸክሙ የማይታይበት ሰው ነው። ጎዳና ላይ ያለው ደግሞ ራሱን ከሁላችንም በላይ የቻለ፣ ግን ማንም የማይችለው ሰው ነው። የጎደለው «አውቀዋለሁ» የሚል ሰው ነው እንጂ ጉልበትማ ቀድሞም ነበረው።

የእምነት ቤቶች አልጋውን ሰጥተዋል፤ ሽሮውን ሰጥተዋል፤ ቁስል አጥበዋል። ተያዥ መሆን ግን ድርጅት ሊሠራልን የማይችለው ሥራ ነው። እሱ ስም ይፈልጋል፤ ስም ደግሞ ያለው ሰው ነው። ብር በቴሌብር ይላካል፤ ስም ግን በአካል ተገኝቶ፣ ብዕር አንሥቶ፣ ፊርማ ተደርጎ ነው የሚሰጠው።

ስለዚህ ወዳጆቻችን፣ ብር መላካችሁን አትተዉ፤ ሽሮውም ዘይቱም በብር ነው የሚገዛው። ግን በሰፈራችሁ ያለችውን መጠለያ አንድ ቅዳሜ ሂዱና ሌላ ጥያቄም ጠይቁ። «ለመውጣት የደረሰ ማን አለ? ምን ጎደለው?» በሉ። ምስክር ሊሆን ይችላል። መሸኛ ለማምጣት አብሮ የሚሄድ ሰው ሊሆን ይችላል። «እኔ አውቃቸዋለሁ፤ ደህና ሰው ናቸው» ብሎ ለአከራይ የሚደውል ድምፅ ሊሆን ይችላል። ተያዥ ከሆነም ብቻችሁን አትግቡ፤ ውሉ ላይ የተጻፈውን የገንዘብ ልክ አንብቡ፤ አራት አምስት ሆናችሁ ተካፈሉት። ጥንቃቄ ከደግነት ጋር አይጣላም።

ጋሽ ሰፊው ይህን ስንጽፍ ስምንተኛ ወራቸውን ይዘዋል። ባለፈው ሰሞን ከቤቷ አንድ ጎረምሳ ለሥራ ታጭቶ እንደገና ያ የተለመደ «ተያዥ» የሚል ወረቀት መጣ። እማሆይ እኛን ከመጥራታቸው በፊት ጋሽ ሰፊው ከመሥሪያ ቤታቸው የደመወዝ ማስረጃ ጠይቀው ነበር። ስንሰማ ጓደኛችን «ጋሼ፣ ቢያስቸግርዎትስ?» አለቻቸው።

«አንቺን አስቸገርኩሽ እንዴ?» አሏት።

ቸር ይግጠመን።